በአሜሪካ ከግዛት ወደ ግዛት የሚዛወር አስተማሪ ሥራ የሚያገኝበት መንገድ

አንድ ነጋዴ ሱቁን ወደ ሌላ ከተማ ለማዛወር ባሰበ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመረምረው የንግድ ፈቃዱ በአዲሱ ቦታ የሚጸና መሆን አለመሆኑን ነው። ዕቃው ያው ዕቃ፤ ሚዛኑም ያው ሚዛን፤ ነጋዴውም ያው ነጋዴ ነው፤ ዳሩ ግን ፈቃዱን የሰጠው መሥሪያ ቤት ሥልጣን ከወሰኑ አያልፍም። ይህንኑ የመሰለ ሁኔታ በዩናይትድ ስቴትስ ኦፍ አሜሪካ በአስተማሪዎች ላይ ይደርሳል። በአንዱ ግዛት ዐሥር ዓመት ያስተማረ ሰው ወሰን ተሻግሮ ወደ ሌላው ግዛት ሲገባ፤ ዕውቀቱና ልምዱ አብረውት ቢሻገሩም ፈቃዱ ግን በነበረበት ይቀራል።

ይህ ጉዳይ በንግድ ጋዜጣ ላይ ስለ ምን ይጻፋል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በዋሽንግተን ከተማና በዙሪያዋ፤ በሚኒሶታ፤ በቴክሳስ፤ በጆርጂያ፤ በኮሎራዶና በሌሎችም ግዛቶች ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በንግድ የሚተዳደሩ ናቸው። ከባልና ከሚስት አንዱ ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ሲይዝ ሌላው በትምህርት ቤት የሚያስተምርበት ቤተ ሰብ ጥቂት አይደለም። የሱቅ ገቢ አንድ ወር ሞልቶ አንድ ወር ሲጎድል፤ የአስተማሪው ደመወዝና የጤና ኢንሹራንስ የቤቱ ምሰሶ ሆኖ ይቆማል። እንግዲህ ነጋዴው የተሻለ ገበያ ፈልጎ ወደ ሌላ ግዛት ልዛወር በሚልበት ጊዜ፤ የአዲሱን ሱቅ ኪራይ ብቻ ሳይሆን የአስተማሪውን የሥራ ጉዳይም በሒሳቡ ውስጥ ማስገባት ይኖርበታል። በአዲስ አበባ ተቀምጦ ለልጁ ወይም ለእኅቱ ምክር የሚልክ ወላጅና ዘመድም ነገሩን ቢያውቀው ይጠቅመዋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፈቃዱ ከወሰን የማያልፍበት ምክንያት

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ትምህርትን የሚመለከት አንቀጽ የለውም። በ1791 ዓ. ም. የጸደቀው ዐሥረኛው ማሻሻያ ለማዕከላዊው መንግሥት ያልተሰጠ ሥልጣን ሁሉ ለየግዛቶቹ ወይም ለሕዝቡ የተጠበቀ መሆኑን ይደነግጋል። ስለዚህ አስተማሪን የመመዘንና ፈቃድ የመስጠት ሥልጣን የየግዛቱ ነው። 50ው ግዛቶችና የዋሽንግተን ከተማ አስተዳደር እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሕግ፤ የራሳቸው የፈቃድ ስምና የራሳቸው የዕድሳት ዘመን አላቸው። በዋሽንግተን ከተማ የሚኖር አስተማሪ የፖቶማክን ወንዝ በድልድይ ተሻግሮ በቨርጂኒያ ለማስተማር ቢፈልግ፤ ጉዞው ጥቂት ደቂቃ ቢሆንም የሚያስፈልገው ፈቃድ ሌላ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማየት ይገባል። ፈቃዱን የሚሰጠው የግዛቱ የትምህርት መሥሪያ ቤት ወይም ለዚሁ የተቋቋመ የአስተማሪዎች ቦርድ ነው። ሥራውን የሚሰጠው ግን የትምህርት ዲስትሪክቱ፤ ማለት በአንድ ከተማ ወይም በአንድ ካውንቲ ያሉትን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚያስተዳድረው አካል ነው። ፈቃድ ማግኘት ሥራ ማግኘት አይደለም፤ ሥራ ቢገኝም ፈቃዱ ካልተሟላ ቅጥሩ ሊጸና አይችልም። ስለሆነም አስተማሪው በሁለት በር በአንድ ጊዜ ማንኳኳት አለበት።

በግዛቶች መካከል ስላሉት ሁለት ስምምነቶች

ብዙ ሰዎች በግዛቶቹ መካከል ስምምነት አለ ሲባል ሰምተው ፈቃዳቸው በቀጥታ የሚተላለፍ ይመስላቸዋል። ስምምነት መኖሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ምን ያህል እንደሚረዳ በጥንቃቄ መታወቅ ይገባዋል።

የቆየው ስምምነት ናስድቴክ በመባል የሚታወቀው የየግዛቶቹ የመምህራን ትምህርትና ፈቃድ ዲሬክተሮች ማኅበር የሚያስተባብረው ነው። በዚህ ስምምነት እያንዳንዱ ግዛት ከየትኞቹ ግዛቶች ምን ዓይነት ፈቃድ እንደሚቀበል ያስታውቃል። ይሁን እንጂ መቀበል ማለት ሙሉ በሙሉ መለወጥ ማለት አይደለም። ተቀባዩ ግዛት ተጨማሪ ፈተና፤ ተጨማሪ የኮርስ ትምህርት ወይም የተወሰነ የሥራ ዘመን ሊጠይቅ ይችላል። ደግሞም የአንዱ ግዛት ሌላውን መቀበል ሌላው እርሱን ለመቀበሉ ማስረጃ አይሆንም።

አዲሱ ስምምነት የአስተማሪዎች የመዘዋወር ቃል ኪዳን ሊባል የሚችል ነው። በ2023 ዓ. ም. ዐሥር ግዛቶች ሕግ አድርገው ስለተቀበሉት በዚያው ዓመት ሊጸና ቻለ፤ ከመጀመሪያዎቹ መካከል ኮሎራዶ፤ ኬንታኪ፤ ዩታና ኔቫዳ ይገኛሉ። በዚህ ቃል ኪዳን የባችለር ዲግሪ ያለው፤ በግዛቱ የታወቀ የመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት የፈጸመና እገዳ የሌለበት ሙሉ ፈቃድ የያዘ አስተማሪ ወደ ሌላው አባል ግዛት ሲዛወር፤ ተቀባዩ ግዛት ለያዘው ፈቃድ በጣም የሚቀርበውን የራሱን ፈቃድ ይሰጠዋል። ጊዜያዊ ወይም ለአስቸኳይ ችግር የተሰጠ ፈቃድ ግን በዚህ አይሸፈንም። የወንጀል መዝገብ ምርመራውም አይቀርም። ፈቃዱ በሚታደስበት ጊዜ ደግሞ የአዲሱ ግዛት የዕድሳት ደንብ ይፈጸማል። የአባል ግዛቶች ቁጥር ከዓመት ወደ ዓመት ስለሚለወጥ፤ የሚዛወረው ሰው የሚለቀው ግዛትም የሚሄድበት ግዛትም አባል መሆናቸውን በጊዜው ማረጋገጥ አለበት። አንዱ ብቻ አባል ቢሆን አይበቃም።

ስለ ፈተናዎች

ፕራክሲስ የሚባለው ኢ ቲ ኤስ የተባለው ድርጅት የሚያዘጋጀው ፈተና ነው፤ ሜሪላንድና ቨርጂኒያን ጨምሮ በብዙ ግዛቶች ይሠራበታል። ነገር ግን የማለፊያውን ውጤት የሚወስነው እያንዳንዱ ግዛት ነው። አንድ ሰው በአንደኛው ግዛት ያለፈበት ውጤት በሁለተኛው ግዛት ከማለፊያው በታች ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ቴክሳስ፤ ፍሎሪዳ፤ ጆርጂያና ኒው ዮርክን የመሰሉ ግዛቶች ደግሞ የየራሳቸው የፈተና ዓይነት አላቸው።

ሆኖም ከፈተና ነፃ የሚያደርጉ ልዩ ልዩ መንገዶች አሉ። አንዳንድ ግዛቶች የተወሰነ ዓመት ያስተማረ ሰው እንደገና እንዲፈተን አይጠይቁም። በ1987 ዓ. ም. የተቋቋመው የአስተማሪዎች ብሔራዊ ቦርድ የሚሰጠው ከፍተኛ የምስክር ወረቀትም በብዙ ግዛቶች ጉዞውን ያቀላል። ስለዚህ ለፈተናው ከመመዝገብና ገንዘብ ከመክፈል በፊት ነፃ የሚያደርግ ደንብ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ብልህነት ነው።

ብዙ ግዛቶች የጎደለውን እስኪያሟላ ድረስ አስተማሪው እየሠራ የሚቆይበትን ጊዜያዊ ፈቃድ ይሰጣሉ። ቴክሳስ ለምሳሌ ከሌላ ግዛት የመጣውን አስተማሪ ማስረጃ መርምሮ የአንድ ዓመት ፈቃድ ሊሰጥ ይችላል። ይህ መንገድ መልካም ነው፤ ነገር ግን የሚያበቃበትን ቀን በቀን መቁጠሪያ ላይ ጽፎ ማስቀመጥ ይገባል። በመጀመሪያው ዓመት አዲስ ቤት፤ አዲስ ትምህርት ቤትና አዲስ ተማሪዎች ሲደራረቡ ፈተናው እንደ ቀላል ነገር እየታየ ይዘገያል፤ ፈቃዱ ሲያበቃ ግን ሥራውም አብሮ አደጋ ላይ ይወድቃል።

መዘጋጀት ስለሚገባው የማስረጃ መዝገብ

ከደብዳቤና ከመዝገብ ጋር ለዓመታት የኖረ ጸሐፊ አንድ ነገር ያውቃል። ወረቀት በእጅ ሳለ ዋጋው ትንሽ ይመስላል፤ ከሩቅ ለማስመጣት ሲፈለግ ግን ከወርቅ ይወደዳል። የሚዛወር አስተማሪ ከመሥሪያ ቤቱ ሳይለቅ የሚከተሉትን በአንድ ፋይል ሊሰበስብ ይገባዋል።

1ኛ/ የያዘው የማስተማር ፈቃድ ቅጂና ፈቃዱ እገዳ የሌለበት መሆኑን የሚያረጋግጥ የግዛቱ ማስረጃ።

2ኛ/ ከተማረበት ኮሌጅ ወይም ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ የሚላክ የትምህርት ውጤት መግለጫ። ተማሪው ራሱ የያዘው ቅጂ አብዛኛውን ጊዜ ተቀባይነት የለውም።

3ኛ/ የመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት መፈጸሙንና በክፍል ውስጥ የማስተማር ልምምድ ማድረጉን የሚገልጽ ደብዳቤ።

4ኛ/ የፈተናዎች ውጤት።

5ኛ/ በየትኛው ትምህርት ቤት፤ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን፤ ምን ዓይነት ትምህርትና በየትኛው ክፍል እንዳስተማረ የሚያሳይ፤ በቀድሞው ዲስትሪክት የተፈረመ የአገልግሎት ማስረጃ። አዲሱ ደመወዝ የሚወሰነው በዚህ ወረቀት ስለሆነ ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል።

6ኛ/ የሥራ አፈጻጸም ምዘናዎችና የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር የሰጡት የድጋፍ ደብዳቤ። ዲሬክተሮች ስለሚቀያየሩ ደብዳቤው በሥራ ላይ ሳሉ ቢጠየቅ ይመረጣል።

የጣት አሻራ ምርመራ ግን እንደ ሌሎቹ ወረቀቶች ከቦታ ቦታ የሚዞር አይደለም። በቀድሞው ግዛት አሻራ የሰጠ ሰው በአዲሱ ግዛት አብዛኛውን ጊዜ እንደገና መስጠትና መክፈል ይኖርበታል።

ሥራው መቼና እንዴት እንደሚፈለግ

የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የቅጥር ገበያ እንደ እህል ገበያ ወራት አለው። ዲስትሪክቶች ለሚቀጥለው ዓመት ምን ያህል አስተማሪ እንደሚያስፈልጋቸው በጸደይ ወራት ማወቅ ይጀምራሉ፤ ከማርች እስከ ጁን ያለው ጊዜ የተሻሉት ቦታዎች የሚወጡበት ነው። በጁላይና በኦገስት ድንገት የሚለቁ አስተማሪዎች ቦታ ይከፈታል። የትምህርት መክፈቻው ቀንም አንድ ዓይነት አይደለም፤ በቴክሳስ ብዙ ትምህርት ቤቶች በኦገስት አጋማሽ ሲከፍቱ፤ በኒው ዮርክ ከተማ ትምህርት የሚጀመረው በሴፕቴምበር ነው። ከኒው ዮርክ ወደ ቴክሳስ የሚዛወር ሰው ይህን የሳምንታት ልዩነት ካላሰበበት ከመክፈቻው ቀን በኋላ ሊደርስ ይችላል።

የሥራ ማስታወቂያ በዲስትሪክቱ የራሱ መገኛ ገጽና በግዛቱ የትምህርት መሥሪያ ቤት በኩል ይወጣል። ማመልከቻ ሲጻፍ ስለ ፈቃዱ በግልጽ መጻፍ ይጠቅማል፤ ይኸውም በየትኛው ግዛት ፈቃድ እንዳለ፤ በአዲሱ ግዛት ማመልከቻው በየትኛው ቀን እንደገባና ምን እንደቀረ ማስታወቅ ነው። የሚቀጥረው ሰው የሚፈራው የማይሟላ ወረቀት ነው፤ ነገሩ በሂደት ላይ መሆኑን በማስረጃ ያሳየ አመልካች ይህን ስጋት ያቃልልለታል። ቃለ መጠይቁ ብዙ ጊዜ በቪዲዮ ስለሚደረግ ለመጀመሪያው ጥያቄና መልስ የአውሮፕላን ዋጋ ማውጣት ላያስፈልግ ይችላል።

የሚያስተምረው የትምህርት ዓይነትም ዋጋ አለው። ልዩ ድጋፍ ለሚያስፈልጋቸው ልጆች የሚያስተምሩ፤ እንዲሁም የሒሳብ፤ የሳይንስና እንግሊዝኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ የሚያስተምሩ መምህራን በብዙ ግዛቶች በጥብቅ ይፈለጋሉ። የማዕከላዊው መንግሥት የትምህርት መሥሪያ ቤት በየግዛቱ የአስተማሪ እጥረት ያለባቸውን የትምህርት ዓይነቶች ዝርዝር ያወጣል፤ ከመዛወር በፊት ይህን ዝርዝር መመልከት ገበያን እንደ ማጥናት ነው። አማርኛ የሚናገር አስተማሪም ይህን ከማመልከቻው መተው የለበትም። በሜሪላንድ እንደ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ባሉ ቦታዎች አማርኛ የሚናገሩ ተማሪዎችና ወላጆች ብዙ ስለሆኑ፤ ከወላጅ ጋር በቋንቋው የሚነጋገር መምህር ለትምህርት ቤቱ ትልቅ እርዳታ ነው።

የግል ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ የግዛት ፈቃድን እንደ ግዴታ አይጠይቁም። ፈቃዱ እስኪደርስ ድረስ በእነርሱ ዘንድ ወይም በተተኪ አስተማሪነት መሥራት የቤቱን ወጪ ለመደገፍ ይረዳል። ሆኖም ደመወዙና ጡረታው ከመንግሥት ትምህርት ቤት ያነሰ ሊሆን ስለሚችል አስቀድሞ መጠየቅ ያሻል።

ውልን ስለ መልቀቅ

የአስተማሪ ውል የዓመት ውል ነው። ውሉን በዓመቱ መካከል አፍርሶ መሄድ በአንዳንድ ግዛቶች በፈቃዱ ላይ ቅጣት ያስከትላል፤ ይህም ቅጣት በአዲሱ ግዛት ሲመረመር ይታያል። በቴክሳስ ሕግ መሠረት ውል የፈረመ አስተማሪ ያለ ቅጣት ሊለቅ የሚችለው ትምህርት ከሚጀመርበት ቀን ቢያንስ 45 ቀን አስቀድሞ ነው። ከዚያ በኋላ ያለ ፈቃድ ቢለቅ ዲስትሪክቱ ሊከሰውና ፈቃዱ ሊታገድ ይችላል። የአዲሱ ሱቅ ኪራይ በጃንዋሪ ይጀምራል ተብሎ አስተማሪው በዓመቱ መካከል ከተነቀለ፤ ለሁለት ሦስት ወር ኪራይ ሲባል የዓመታት ሥራ ያፈራው ፈቃድ ይጎዳል። የሚሻለው ነጋዴው ቀድሞ ሄዶ ሱቁን ሲያዘጋጅ አስተማሪው ዓመቱን ጨርሶ ቢከተለው ነው። ይህ የማይቻል ከሆነ ከዲስትሪክቱ በጽሑፍ የመልቀቂያ ፈቃድ መጠየቅ ይገባል።

የደመወዝና የጡረታ ሒሳብ

የአስተማሪ ደመወዝ በእርከን የተደለደለ ነው። እርከኑም በአገልግሎት ዓመትና በትምህርት ደረጃ ይወጣል። ዳሩ ግን አንዳንድ ዲስትሪክቶች ከውጭ የመጣን የአገልግሎት ዘመን ሁሉ አይቆጥሩም፤ ለመቁጠር የሚፈቅዱት የዓመት ብዛት የተወሰነ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ውሉ ከመፈረሙ በፊት ስንት ዓመት እንደሚቆጠርለት በጽሑፍ መጠየቅ አለበት።

ከደመወዙም ይልቅ የሚረሳው ጡረታ ነው። ለምሳሌ ያህል በሜሪላንድ ሰባት ዓመት አስተምራ ወደ ቴክሳስ ልትዛወር የምታስብ አንዲት አስተማሪ እናስብ። ከጁላይ 1 ቀን 2011 ዓ. ም. ወዲህ በሜሪላንድ የጡረታ ሥርዓት የገባ አስተማሪ የጡረታ መብቱ የሚጸናለት 10 ዓመት ሲያገለግል ነው። በ7 ዓመት ከለቀቀች ያዋጣችውን ገንዘብ ከነወለዱ ልትወስድ ትችላለች፤ ዕድሜ ልክ የሚከፈለውን ጡረታ ግን ታጣለች። በቴክሳስ መብቱ የሚጸናው በ5 ዓመት ነው፤ ቆጠራውም ከመጀመሪያ ይጀምራል። ሦስት ዓመት መቆየት የምትችል ከሆነ የሁለቱም ግዛቶች ጡረታ ባለመብት የምትሆንበት ዕድል አለ። ይህ ልዩነት ከአንድ ሱቅ የዓመት ትርፍ ሊበልጥ ስለሚችል ቤተ ሰቡ ተሰብስቦ ሊመክርበት የሚገባ ነው።

ገንዘቡን የሚያወጣ ሰውም በእጁ ከመቀበል ይልቅ በቀጥታ ወደ ሌላ የጡረታ ሒሳብ ቢያስተላልፈው ይመረጣል። በእጅ ከተቀበለው ላይ ለማዕከላዊው መንግሥት ግብር 20 በመቶ ተቀንሶ ይያዛል፤ እንደ ዕድሜውም ተጨማሪ 10 በመቶ ሊከፈልበት ይችላል።

ሶሻል ሴኩሪቲ የሚባለው የማዕከላዊው መንግሥት ጡረታም ይታሰብበት። የሜሪላንድ አስተማሪዎች ለዚህ ያዋጣሉ፤ በቴክሳስና በካሊፎርኒያ ግን አብዛኞቹ አስተማሪዎች አያዋጡም። በቀድሞው ሕግ እንዲህ ያለ ጡረታ የሚያገኝ ሰው ሶሻል ሴኩሪቲው ይቀነስበት ነበር፤ በጃንዋሪ 2025 ዓ. ም. የተፈረመው ሕግ ይህን ቅነሳ ሽሮታል።

የጤና ኢንሹራንስም ክፍተት እንዳይኖረው የቀድሞው ሽፋን የሚያበቃበትና የአዲሱ የሚጀምርበት ቀን ይመዝገብ። በመካከሉ ላለው ጊዜ ሠራተኛው ሙሉውን ዋጋ ራሱ እየከፈለ የቀድሞውን ኢንሹራንስ እስከ 18 ወር የሚቀጥልበት ኮብራ የተባለ ሕግ አለ፤ ነገር ግን ዋጋው ከባድ መሆኑን ማወቅ ይገባል።

በኢትዮጵያ ለተማሩ መምህራን

ዲግሪውን በኢትዮጵያ ያገኘ አስተማሪ ወረቀቱ በአሜሪካ መለኪያ እንዲገመገም ማድረግ አለበት። ይህን የሚሠሩ ድርጅቶች ብዙ ናቸው፤ ግዛቶች በብዛት የሚቀበሉት ናሴስ የተባለው ማኅበር አባላት የሆኑትን ነው። ግምገማው እያንዳንዱን ኮርስ በዝርዝር የሚያሳይ እንዲሆን መጠየቅ ይገባል፤ ጠቅላላ ግምገማ ለማስተማር ፈቃድ አብዛኛውን ጊዜ አይበቃም። አንዱ ግዛት የተቀበለውን ገምጋሚ ሌላው ላይቀበለው ስለሚችል፤ ገንዘብ ከመክፈል በፊት የሚሄዱበት ግዛት የሚቀበላቸውን ገምጋሚዎች ስም ዝርዝር ማየት ይጠቅማል። በአገር ቤት ያለ ዘመድም እዚህ ላይ ሊረዳ ይችላል፤ ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ዘንድ ሄዶ የትምህርት ማስረጃው ታሽጎ በቀጥታ እንዲላክ መከታተል በሩቅ ሆኖ ደብዳቤ ከመጻፍ ይፈጥናል።

የሥራው ቅደም ተከተል

በነሐሴ ለመዛወር ያሰበ ቤተ ሰብ ሥራውን ቢያንስ ካለፈው ጥቅምት ወይም ኅዳር ሊጀምር ይገባዋል። በመጀመሪያ የግዛቱን የፈቃድ ደንብ ማንበብና የጡረታውን ሒሳብ መሥራት፤ ቀጥሎ ማስረጃዎችን ማሰባሰብ፤ በጥርና በየካቲት የፈቃዱን ማመልከቻ ማስገባት፤ ከመጋቢት ጀምሮ ለዲስትሪክቶች ማመልከት፤ ቅጥሩ በጽሑፍ ሲረጋገጥ ያለውን ውል በሕጉ ጊዜ ውስጥ መልቀቅ፤ በመጨረሻም የቤትና የሱቅ ኪራይ መፈረም ነው። ብዙዎች ኪራዩን አስቀድመው ፈቃዱን ያስከትላሉ፤ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዲሉ ኪራዩ በየወሩ እየተቆጠረ አስተማሪው ወረቀት ሲጠብቅ ይከርማል። ከመሥሪያ ቤት የሚገኘው መልስ ሁሉ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ እንዲሆን፤ የተጻፈውም ከነቀኑ በፋይሉ ውስጥ እንዲቀመጥ ያስፈልጋል።